ለቤት ቁጥር 62 ነዋሪዎች

ጥቅምት 4

ለወንድሜ ለጩጬ፣

በቅድሚያ ይህ ወረቀት በርህን ስላንኳኳ ይቅርታ። እንዲህ ብለሽ ጀምሪ ያሉኝ አባባ ናቸው። ፍርድ ቤት በር ላይ ጃንጥላ ዘርግተው ለሰው ማመልከቻ ሲጽፉ የኖሩበት አርባ ዓመት አሁንም አልለቃቸውም። ለገዛ ልጅ በሚጻፍ ደብዳቤ ላይ ይቅርታ ምን ያደርጋል ብላቸው፣ ደብዳቤ ሳይጠራ የሚገባ እንግዳ ነው፣ ገና ከበሩ ይቅርታ ይጠይቅ አሉኝ። በስልክ ልደውልለት ስላቸውም በስልክ የተባለ ነገር ማስረጃ አይሆንም ብለው ተቆጡ። ስለዚህ ይኸው ተቀምጬ እጽፋለሁ።

እኔ ራሴም የምጠይቀው ይቅርታ አለኝ። ወር ሙሉ ጠፋሁብህ። ምክንያቱ ሥራ ነው። ሥራ ስልህ እንደ ድሮው በሳምንት ሁለት መስኮት እንዳይመስልህ። አንድ ደላላ ከየት እንደሰማኝ እንጃ፣ ሱቄ ድረስ መጥቶ በአንዴ የአራት ቤት መጋረጃ አዘዘኝ። ሁሉም እዚሁ እኛ ዳገት ላይ የተሸጡ ቤቶች ናቸው። ጨርቁ አንድ ዓይነት፣ ቀለሙም አንድ ዓይነት፣ ገብስማ። ባለቤቶቹ ሳይመርጡት እንዴት ይሆናል ስለው አንቺ ስፊ ብሎኝ ሄደ። ይኸው የስፌት መኪናዬ እስኪግል እሰፋለሁ።

ስለ ሰፈሩ ሰው አንድ በአንድ ጻፊልኝ ማለትህ ደስ ብሎኛል፤ ናፍቆት እንደሆነ ገብቶኛል። ማን ደከመው፣ ማን ሰለቸው ያልከውን ልንገርህ። ፋርማሲስቷ ባሏ ከሞተ ወዲህ ያን ትልቅ ቤት መጥረግ አንገሽግሿታል። ጡረታ የወጣውን የባቡር ሹፌር ደግሞ ልጆቹ ሽጥና አካፍለን እያሉ ነፍሱን ሊያወጡት ነው። ጥጉ ላይ ያለው፣ ሎሚ ዛፍ ያለበት ቤት ባለቤቱ ሌላ አገር ነው፤ የምትኖርበት አንዲት አሮጊት ተከራይ ናት፣ ሰላምታዋ ከሩቅ የሚሰማ። አዲሱ መንገድ ከወጣ ወዲህ ዳገታችን ዳገት መሆኑ ቀርቶ የሰው ሁሉ ምኞት ሆኗል። ከተማው ከላይ ይታያል ይላሉ፤ እኛ ይህን ሁሉ ዘመን ስናየው ዋጋ እንዳለው ማን ነገረን።

መንገዱን ሲሠሩ የቤቶቹን ቁጥርም ቀይረውታል። አንዲት ቆርቆሮ በሩ ላይ መትተው ሄዱ። የኛን ሐረጉ ስለሸፈናት ስንት እንደሆንን እኔም አላውቅም። ፖስታችን እንደሆነ በሱቄ ሣጥን ነው የሚመጣው።

ቤታችን ደኅና ነው። የአባባ ዓይን ግን አሁን ብርሃንና ጥላ ብቻ ነው የሚለየው። ቢሆንም ቤቱን በእግራቸው ያውቁታል። ከአልጋቸው እስከ መስኮቱ አሥራ አንድ እርምጃ፣ ከመስኮቱ እስከ ውኃ ማሰሮው ሰባት፣ ከዚያ በግራ ሦስት ብለው ወንበራቸው ላይ ቁጭ። ዱላ እንኳን አይነኩም። ከበሩ ውጪ ግን እጄን ጭብጥ ያደርጋሉ። ሐኪሙ አደራ ቤት እንዳትቀይሩባቸው ብሎኛል። ሌላ ወሬ የለም።

እህትህ


ኅዳር 2

ለእታለም፣

በቅድሚያ ይህ ወረቀት በርሽን ስላንኳኳ ይቅርታ። አየሽ፣ እኔም የአባባ ልጅ ነኝ።

እዚህ ሥራው ያው ነው። መርከቡ ከውኃ ወጥቶ ደረቅ መሬት ላይ ቆሟል፤ እኔ ሆዱ ሥር ተንጋልዬ እበይዳለሁ። ብልጭታው አንገቴ ሥር እየገባ ያቃጥለኛል እንጂ ጤናዬ ደኅና ነው። ስምንት ሆነን በአንድ ክፍል እናድራለን፤ ከስምንቱ ሦስቱ ያንኮራፋሉ፣ አንደኛው አንተ ነህ ይሉኛል፣ አላምንም።

በመሐል በላክሽው ካርድ የምን ማኅበር ጸሐፊ ነው የሆንከው ብለሽኛል። እዚህ ያለን በያጆች፣ ቀለም ቀቢዎችና የወጥ ቤት ሰዎች አርባ ሆነን የመሠረትነው ማኅበር ነው። በየወሩ ከደሞዛችን ይቆረጣል። ምን እንደምንሠራበት አሁን አልነግርሽም፤ አንድ ቀን በእጄ ይዤው ስመጣ ታዪዋለሽ። አባባ ደስ የሚላቸው ነገር ነው፣ ይህን ብቻ ልንገርሽ።

ጸሐፊ ያደረጉኝ ለእጅ ጽሑፌ ነው። ሊቀመንበራችን ብልጥ ሰው ነው። በማሽን የተጻፈ ወረቀት ሰውን አስደንግጦ ጠበቃ ቤት ያስሮጣል፣ በእጅ የተጻፈውን ግን ሰው አክብሮ ያነባል ይላል። ስለዚህ የማኅበሩን ደብዳቤ ሁሉ እኔ ነኝ የምጽፈው፣ ያውም ከነአባባ መግቢያ። ሊቀመንበሩ ያቺን ይቅርታ ሲሰማ እጁን አጨበጨበ። ለአባባ ንገሪልኝ፣ ትምህርታቸው ባሕር ተሻግሮ ሰው አስደስቷል።

ደላላው ከየት ሰማኝ ላልሽው፣ ጎበዝ ሰፊ መሆንሽን የሚያወራ ሰው አይጠፋም። አንቺ ብቻ ስፊ። የጻፍሽልኝ የሰፈር ወሬም በጣም ጠቅሞኛል። ይልቅ አከራያችን እንዴት ናቸው? ያ ጉልበታቸውስ ተሻላቸው?

ጩጬ


ታኅሣሥ 9

ጩጬ፣

በርህን ስላንኳኳሁ ይቅርታ፤ ዛሬ ግን በርግጄው ብገባ ይሻለኝ ነበር።

ያን ሎሚ ዛፍ ያለበትን ቤት ነግሬህ የለ? ባለፈው ማክሰኞ መጋረጃ ልሰቅል ሄድኩ። ደላላው ቁልፉን ሰጥቶኝ ስትጨርሺ ቆልፊው አለኝና ሄደ። መሰላሌን ተሸክሜ ስገባ አሮጊቷን ልጠራ አፌን ከፍቼ ነበር። ቤቱ ባዶ ነው። ወለሉ ላይ የአልጋዋ እግሮች ያጎደጎዷቸው አራት ምልክቶች ብቻ ቀርተዋል። ኩሽና ገባሁ። መስኮቱ ላይ መነጽሯ ተቀምጧል፣ አንድ ክንዱ ተሰብሮ በአረንጓዴ ክር የተጠመጠመ። ክሩን አወቅኩት። እኔ ነኝ የሰጠኋት፤ በክረምት ሱቄ መጥታ የቀለም ምርጫ የለኝም ልጄ ብላ እየሳቀች የወሰደችው ነው።

አሮጊት ሴት መነጽሯን ረስታ እስክትወጣ ድረስ ምን ያህል ቢያጣድፏት ነው? ጎረቤት ጠየቅኩ። በሠላሳ ቀን ውጪ የሚል ወረቀት ደረሳት፣ ከዚያ አንድ ጭነት መኪና መጣ፣ ከዚያ በኋላ ያያት የለም አሉኝ። መነጽሩን በአዝራር ጣሳዬ ውስጥ አስቀምጬዋለሁ። አባባ አደረጉትና «ይቺ ሴት ከእኔ ትብሳለች» ብለው ቀለዱ። መሳቅ አልቻልኩም።

ያስደነገጠኝ ግን ይህ ብቻ አይደለም። ቁልፉን ስመልስ ባለቤቶቹ መቼ ይገባሉ ብዬ ደላላውን ጠየቅኩት። ሳቀብኝ። «ማን ይገባል ብለሽ ነው? ዋጋው እስኪወጣ ይቀመጣል እንጂ» አለኝ። ለካ መጋረጃው የሚሰቀለው ቤቱ ሰው ያለበት እንዲመስል ነው። አምፖሉም ሲመሽ ራሱ የሚበራ፣ ራሱ የሚጠፋ ነው። ከዚያ እንደ እብድ መንገዱን ሁሉ ወጥቼ ወረድኩ። እስካሁን መጋረጃ የሰቀልኩባቸው ቤቶች ዘጠኝ ናቸው። ከዘጠኙ በአንዱም ግቢ የተሰጣ ልብስ የለም። አንድ ጫማ በር ላይ የለም። እኔ ሰውን ከሰው ዓይን የምሸፍን መስሎኝ፤ የምሸፍነው ሰው አለመኖሩን ኖሯል።

እነዚህ ገዢዎች እነማን ናቸው? መልካቸውን ያየ የለም። ፋርማሲስቷ በሸጠችበት ዋጋ እኔ ቀንና ሌት ብሰፋ፣ ልጅ ወልጄ ልጄም ቢሰፋ አንገዛውም። የዚህ ሰፈር ልጆች እዚህ ሰፈር መከራየት እንኳን አቅቷቸው በየአቅጣጫው ተበትነዋል፤ አምፖል ግን ትልቅ ቤት ይዞ ብቻውን ይኖራል። አንዱን ባገኘው በጨርቅ መቀሴ ጆሮውን ነበር የምቀነጥሰው። ሥራውን ተይው እንዳትለኝ። ከምን ልኑር?

አከራያችን ደኅና ናቸው። ሰላም በይልኝ ብለዋል።

እህትህ


ጥር 3

ለእታለም፣

ይቅርታ ስለ በሩ። ደብዳቤሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩትና ለአንድ ሳምንት ኪሴ ውስጥ ይዤው ዞርኩ።

ተቆጥተሻል፣ እውነትሽን ነው። ግን እታለም፣ ገዢዎቹን ጭራቅ አታድርጊያቸው። ምናልባት አንድ ክፍል ውስጥ ስምንት ሆነው የሚያድሩ፣ አንገታቸው የተቃጠለ ሰዎች ቢሆኑስ? ምናልባት በሕይወታቸው አንዴ የራሳቸው የሆነ ነገር እንዲኖራቸው ፈልገው ቢሆንስ? ይህን የምልሽ አውቃቸዋለሁ ብዬ አይደለም። እንዲሁ ሳስበው ነው።

ደላላሽ እንደዚያ ማለቱ ግን ገርሞኛል። ቤት የሚገዛ ሰው ቤት ሊኖርበት መስሎኝ።

ፎቶዬ ሲደርስሽ ለምን ከሳህ ብለሽ በካርድ ላልሽው፣ ፎቶው ላይ ነው እንጂ ብዙም አልከሳሁም። የከሳሁ ከመሰለሽ ግን ጥፋቱ የምግብ አብሳያችን ነው። በስብሰባ ላይ ለአንድ ዘመዱ ልዩ አስተያየት ይደረግልኝ ብሎ ለመነ። እኔ ተነሥቼ ሕግ ለአንዱ ከተጣሰ ለሁሉም ተጣሰ ብዬ ተናገርኩ። ተጨበጨበልኝ፣ ቃሌም ደንብ ሆኖ ተመዘገበ። ከዚያ ቀን ጀምሮ የእኔን ሾርባ ያለ ጨው ያቀርብልኛል። አርባ ሰው ሲያጣጥም እኔ ትኩስ ውኃ እጠጣለሁ።

ለአባባ የሚሆን ወንበር መግዣ ልኬልሻለሁ። የቤታችን ቁጥር ድሮ አሥራ ሰባት ነበር አይደል? እንዲሁ ትዝ ብሎኝ ነው።

ጩጬ


የካቲት 17

ወንድሜ፣

ይቅርታ አልጠይቅህም።

ትናንት ረፋድ ላይ በሩ ሥር ኤንቨሎፕ አገኘሁ። ቴምብር የለውም። ገልበጥ ሳደርገው ያንተ እጅ ጽሑፍ ነው። ከዚያ የሚመጣ ሰው አግኝተህ በእጅ የላክኸው መሰለኝና ልቤ በደስታ ዘለለ። አባባ፣ የጩጬ ደብዳቤ መጣ ብዬ ጮህኩ። አሥራ አንዷን እርምጃ ሮጠው ነው የመጡት ብልህ አታምነኝም። መስኮቱ አጠገብ ተቀመጡ፣ እንግዳ እንደመጣበት ሰው ኮሌታቸውን አስተካከሉ። ሳልቃኘው ጮክ ብዬ ማንበብ ጀመርኩ።

«ለቤት ቁጥር 62 ነዋሪዎች። በቅድሚያ ይህ ወረቀት በራችሁን ስላንኳኳ ይቅርታ እጠይቃለሁ።»

አባባ በሳቅ ፈረሱ። ቀልደኛ፣ ነዋሪዎች አለን አሉ። እኔም ሳቅኩ። እየሳቅኩ ቀጠልኩ።

«የምትኖሩበትን ቤት ማኅበራችን በሕጋዊ መንገድ የገዛው መሆኑን እያሳወቅሁ፣ በሠላሳ ቀን ውስጥ ዕቃችሁን አውጥታችሁ ቁልፉን ለወኪላችን እንድታስረክቡ በትሕትና እጠይቃለሁ።»

አባባ ፈገግ እንዳሉ ቆዩ። የቀልዱን መጨረሻ እየጠበቁ ነበር። እኔ ግን ወረቀቱን እንደያዝኩ ወጣሁና በሩ ላይ ያለውን ሐረግ በእጄ ቦጨቅኩት። ቆርቆሮዋ ወጣች። ስድሳ ሁለት።

ስመለስ ፈገግታቸው ጠፍቷል። እንደገና አንብቢልኝ አሉ። አነበብኩላቸው። አንገታቸውን ደፍተው እንደ ድሮው ባለጉዳዩ ከመፈረሙ በፊት ማመልከቻው ሲነበብ እንደሚሰሙ ሆነው ሰሙ። ሲያልቅ ምን እንዳሉ ልንገርህ?

«ስህተት የለበትም» አሉ። «በደንብ አስተምሬዋለሁ።»

ከዚያ ተነሥተው ወደ ውኃው ሄዱ። ሰባት እርምጃ ነው። ስድስት ላይ ቆሙ። በዚህ ቤት በኖሩበት ሠላሳ አራት ዓመት የመጀመሪያቸው ነው።

ስልክ አንሥቼ ነበር። እጄን ያዙኝ፣ በጽሑፍ የመጣው በጽሑፍ ይመለስ ብለው። እኔም ድምፅህን ብሰማ የምለውን ስለማላውቅ ተውኩት።

አሁን እኔም የደበቅኩህን ልንገርህ። አከራያችን ቤቱን የሸጡት በኅዳር ነው። አዲሶቹ ገዢዎች ሊያቆዩዋችሁ ይችላሉ ብለውኝ ነበር። አንተ መርከብ ሥር ተኝተህ እንዳትጨነቅ ብዬ ዋሸሁህ። ሰላም ብለዋል ያልኩህም ውሸት ነው፤ ሲሄዱ ዓይኔን እንኳን አላዩኝም።

አንድ ጥያቄ ብቻ ነው ያለኝ። አንተ ነህ?


መጋቢት 2

እታለም፣

እኔ ነኝ።

ደብዳቤሽ የደረሰኝ ምሳ ላይ ነው። ሳነብ ማንኪያዬ ከእጄ ወደቀ፣ ጓደኞቼ ሰው የሞተብኝ መስሏቸው ተሰበሰቡ። ሰማይ ተደፋብኝ ብል ያንስብኛል። ከዚያ ሰዓት ጀምሮ ምግብ አልወርድ ብሎኛል። ግን ስለ እኔ መደንገጥ መጻፍ አሁን ያሳፍረኛል።

ሁሉንም ልንገርሽ። ማኅበሩ ቤት ይገዛል። ዳገታችንን የነገርኳቸው እኔ ነኝ። ጥሩ ሰፈር የሚያውቅ አለ ወይ ሲባል እጄን አወጣሁ። ማን ደከመው፣ ማን ሰለቸው ብዬ የጠየቅኩሽም ለዚያ ነው፤ ደብዳቤሽን በስብሰባ ላይ አንብቤዋለሁ። ከሰፈሩ ሰው ላይ እየገዛን እንደሆነ አውቅ ነበር፣ ግን ፈልገው የሚሸጡ ናቸው ብዬ ራሴን አሳመንኩ። ተከራይ ሲባል ሰው አይታየኝም ነበር፤ በዝርዝሩ ላይ ቁጥር ብቻ ነው ያለው። አሥራ አንድ እንደዚህ ያለ ደብዳቤ ጽፌያለሁ። ዝርዝር በመጣ ቁጥር መጀመሪያ አሥራ ሰባትን እፈልጋለሁ። አሥራ ሰባት የለም። ተመስገን ብዬ ብዕሬን አነሣለሁ። ቁጥሩ እንደተቀየረ አንቺው ነግረሽኝ ነበር። አንብቤ አለፍኩት። ደብዳቤዎቹን አንድ ላይ አስሬ ለደላላው ልኬ እሱ በየበሩ ያስገባቸዋል።

ደላላው ወደ አንቺ የመጣውም በእኔ ነው። ጥሩ መጋረጃ ሰፊ አለች ብዬ ስምሽን ያቀበልኩት እኔ ነኝ። ሥራ ሲበዛልሽ እዚህ ብቻዬን እየሳቅኩ ደስ ይለኝ ነበር።

ያሰብኩት ሁለት ዓመት ቆጥቤ ድርሻዬን ወስጄ ለአባባ የራሳቸውን ቤት ልገዛ ነበር፣ እዚያው ዳገት ላይ፣ እርምጃቸውን ሳይቀይሩ። ቁልፉን መዳፋቸው ላይ ላስቀምጥ ነበር። ለአባባ ቤት የምገዛው አባባን ከቤት አስወጥቼ መሆኑን እንዴት ልገምት?

ደብዳቤሽ የደረሰኝ ዕለት ስብሰባ አስጠራሁ። ቆሜ ለመንኩ። ዕውር አባት አለኝ፣ ቤቱ ይቆየን፣ ኪራዩን ከደሞዜ ቁረጡ አልኩ። ሊቀመንበሩ አልተቆጣም፤ ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር። መዝገቡን አንሥቶ እኔው እንዳነበው ሰጠኝ። ገጹን ገለጥኩ። ማንኛውም አባል ለዘመዱ ልዩ አስተያየት መጠየቅ አይችልም ይላል፣ በእኔው እጅ፣ ባማረ ፊደል። ምግብ አብሳያችን ለአክስቱ ትንሽ ጊዜ ይሰጣት ብሎ የለመነ ዕለት የጻፍኩት ነው። ጮክ ብዬ አነበብኩት።

ቢሆንም ድምፅ ይሰጥበት ተባለ። ከአርባ ሰው ሁለት እጅ ወጣ። አንዱ የእኔ ነው። ሌላው የምግብ አብሳዩ ነው።

ድርሻዬን ላውጣ ብል ከሁለት ዓመት በፊት አይቻልም። እኔ ምን ላድርግ? ኪራይ ከየትም አመጣለሁ። ብቻ አባባ ምን እንዳሉ ጻፊልኝ። ክፉ ቢሆንም ጻፊልኝ።


መጋቢት 14

ወንድሜ፣

ወጥተናል። አውቶቡሱ መጨረሻው ላይ ከሚያዞርበት ቦታ አለፍ ብሎ ሁለት ክፍል አግኝተናል። መስኮቱ የሚያየው ግድግዳ ነው። አባባ በመጀመሪያው ቀን በድሮው ልክ አሥራ አንድ ሊሄዱ ስምንት ላይ ግንባራቸውን ከበሩ ጠርዝ ጋር አጋጩ። አብጧል። ዱላ ገዛሁላቸው፣ አልነካውም ብለው ጥግ ላይ አስቀምጠውታል። አብዛኛውን ጊዜ አልጋው ላይ ተቀምጠው ነው የሚውሉት።

ከመውጣታችን አንድ ቀን በፊት ደላላው ሱቅ መጣ። የስድሳ ሁለትን መስኮቶች ለኪልኝ፣ በዚያው በገብስማው አለኝ። ሳልነሣ የአራቱንም ቁመትና ወርድ በቃሌ ነገርኩት። አልሰፋም አልኩት። ሌላ ሥራም እንደማያመጣልኝ ነግሮኝ ሄደ። ካንተ የተሻልኩ አይምሰልህ፤ ዘጠኙን ሰፍቻለሁ።

ልረግምህ ብዬ ብዕር አንሥቼ ነበር። እውነቴን ነው፣ ሁለት ቀን ሙሉ ልረግምህ ስሞክር ነበር። ግን አንጀቴ እምቢ አለኝ።

አባባ ምን አሉ ላልከው፣ ከወጣን በአራተኛው ቀን ወረቀት አምጪ አሉኝ። ያሉትን አንዲት ቃል ሳልቀንስ ጽፌልሃለሁ። ለአንተ ብቻ አይደለም፣ ለጉባኤው እንድታነበው ነው።


ለማኅበሩ ጸሐፊ፤
በጉባኤ ፊት የሚነበብ።

አመልካች፦ የቤት ቁጥር 62 ነዋሪ የነበርሁ፣ ጡረተኛ ማመልከቻ ጸሐፊ።

ተጠሪ፦ ማኅበሩ።

አርባ ዓመት ማመልከቻ ስጽፍ በዚህ ቦታ ላይ ይቅርታ እጠይቅ ነበር። ዛሬ አልጠይቅም።

ቤቱ የእናንተ ነው። በሕግ ገዝታችኋል፤ የላካችሁትንም ወረቀት ሁለት ጊዜ አስነብቤ ስህተት አላገኘሁበትም። ወጥተናልና በቤቱ እንድንቆይ አላመለክትም።

የማመለክተው ስለ እጅ ጽሑፉ ነው። ያ እጅ የእኔ ነው። ልጄን ጉልበቴ ላይ አስቀምጬ፣ ጣቱን በጣቴ ይዤ ያስተማርሁት ነው። በዚያ እጅ አርባ ዓመት ሙሉ ሰው ከቤቱ እንዳይወጣ ጽፌበታለሁ። ጥቂቱን ረታሁ፣ ብዙውን ተረታሁ። ሰው እንዲወጣ ግን አንድ ቀንም አልጻፍሁበትም።

ቤቱን ባለቤቱ ሸጠውላችኋል። እጄን የሸጠላችሁ የለም። ስለዚህ እጄ እንዲመለስልኝ አመለክታለሁ።


መጋቢት 29

እታለም፣

ፊደሉ ግራ ገብቶሽ ይሆናል። እኔ እየተናገርኩ የሚጽፍልኝ ምግብ አብሳያችን ነው።

የአባባን ማመልከቻ በጉባኤ ፊት አነበብኩት። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ቆሜ አነበብኩት። «ጥቂቱን ረታሁ፣ ብዙውን ተረታሁ» የሚለውን ሁለት ጊዜ ደገምኩት። ከዚያ ሊቀመንበሩ ጉሮሮውን ጠርጎ ማመልከቻው መቅረቡ ይመዝገብ አለ። መዝገቡም ብዕሩም ፊቴ ነበሩ። መዝገቡን ዘጋሁና ብዕሩን ላዩ ላይ አስቀመጥኩት። ሌላ ጸሐፊ ፈልጉ ብዬ ወጣሁ። እስከ ዛሬ አላገኙም፤ አሥራ ሁለተኛው ደብዳቤ ሳይጻፍ ቀርቷል። ነገ በማሽን ይጽፉት ይሆናል። ቢያንስ የሚደርሰው ሰው እንደ አባባ ስቆ አይጀምረውም።

ለአባባ ንገሪልኝ። እጃቸውን መልሻለሁ። እሳቸው ጻፍ እስኪሉኝ ድረስ ስሜን እንኳን በእጄ አልጽፍም፤ ደሞዜን ስቀበል የምፈርመው በጣት አሻራ ነው። ገንዘብ ከፋዩ መሃይም ነበርክ እንዴ ብሎ ሳቀብኝ፣ አዎ አልኩት።

ውሌ የሚያልቀው በግንቦት ነው። ከዚያ መጥቼ አዲሱን ቤት አብሬያቸው እቆጥራለሁ። ካላስጠጉኝ ውጪ ሆኜ እቆጥራለሁ።

ጩጬ


ይህን የጻፍሁት እኔ ምግብ አብሳዩ ነኝ። እጄ ማማሰያ እንጂ ብዕር አልለመደምና ስለ ፊደሉ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ወንድምዎ ሳያየኝ ሁለት ነገር ልጨምር።

አንደኛ፣ ሾርባው ላይ ጨው አድርጌለታለሁ፤ ሆኖም አይበላም። ብላ ብለው ይጻፉለት።

ሁለተኛ፣ መጋረጃ ሰፊ መሆንዎን ነግሮኛል። አክስቴ እዚያው ዳገታችሁ ላይ፣ ሎሚ ዛፍ ያለበት ቤት ተከራይ ነበረች። አሁን ልጇ ዘንድ ናት። ስትወጣ መነጽሯን ኩሽናው መስኮት ላይ ረስታ ወጥታለች። ተመልሳ ብትሄድ ቤቱ ተቆልፏል፤ መስኮቱም በመጋረጃ ስለተሸፈነ ውስጡን ማየት አልቻለችም። እኔ የምጽፍላትንም የሚያነብላት ሰው መለመን ሆኗል ኑሮዋ። ያን መጋረጃ የሰቀለውን ሰው ምናልባት በሙያ ያውቁት እንደሆነ መነጽሩን አይቶ እንደሆነ ቢጠይቁልኝ። ምልክቱ አንድ ክንዱ በአረንጓዴ ክር የተጠመጠመ ነው።